በሁዳዴ የተቀቀለ እንቁላል

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ደሳለኝ ወረቀት ይዞ፣ ሳያንኳኳ፣ እየሮጠ ቤቴ ገባ። የእንጨት ሥራ ያለው፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው፤ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ወረቀቱ አዲስ አበባ ካለ የሕግ ቢሮ የተላከ ነው ተብሏል። ከላይ የሚዛን ሥዕል፣ ከታች ክብ ማህተም፣ በመካከሉ በየመስመሩ «ደንበኛችን፣ ደንበኛችን» ይላል። ቤቱን በቶሎ ካልለቀቀ ወዮለት ነው ነገሩ። «እትዬ ሙሉ፣ ዕቃዬን መጠቅለል ጀምሬአለሁ» አለኝ። «ቢሮውን ጠይቀሃል?» ብለው «ምኑን ልጠይቅ? ማህተም እኮ አለው!» አለ። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜዬ መቆጣት አይገባኝም ይላሉ ሐኪሞች፤ ተቆጣሁ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ትተን በሰው በሰው የቢሮውን ትክክለኛ ስልክ አፈላልገን ደወልን። ቢሮው በእርግጥ አለ፤ ጠበቆቹም አሉ፤ ያን ወረቀት ግን ጽፈውትም አይተውትም አያውቁም። ስማቸውን አንድ ሌባ ለብሶት ይዞራል። ደሳለኝ እፎይ ብሎ ሳቀ፣ ጉልበቴን ስሞ ወጣ። እኔ አልሳቅሁም። ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ያደርሁት ስለ እሱ ቤት አልነበረም፤ የዛሬ ስንትና ስንት ዘመን እዚሁ ቢቸና ውስጥ ስለተሰረቀው ስለ አባቴ ስም ነው።

ልጆቼ በፋሲካ ማግስት የተቀቀለ እንቁላል ሲልጡ እኔ ተነሥቼ ደጅ እወጣለሁ። ሽታውን አልችለውም። «እማማ ደግሞ በእንቁላል ቂም ያዘች» ብለው ይቀልዳሉ። አዎ፣ ይዣለሁ፤ ቂሜን እስከ ዛሬ በቅጡ ነግሬአቸው ስለማላውቅ ይኸው ልንገራቸው።

የአባቴ ጽሕፈት ቤት ከፍርድ ቤቱ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ፣ ከዓረቡ ሱቅ ጎን ነበረች። ሱቁ ላምባና ስኳር አንድ ላይ ይሸታል፤ በአምስት ሳንቲም ከረሜላ እጅ ሙሉ ይሰጥ ነበር። ከሱቁ ቀጥሎ ከዓመት ዓመት ሞጣ ስትሄድና ስትመለስ ጭቃ የምትበላው ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና የምትቆምበት ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲያ የልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ። ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን በእግር እየረገጡ ያንጎራጉራሉ፤ ዜማው ከመኪናው ድምፅ ጋር ሲገጥም ባለጉዳዩ ሁሉ ሙግቱን ረስቶ ቆሞ ይሰማቸው ነበር። በኛ በር ላይ በነጭ ቀለም «የጠበቃ ይትባረክ ጽሕፈት ቤት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። አባቴ የቄስ ልጅ፣ ደብረ ወርቅ ቅኔ የቆጠረ፣ ኋላም አዲስ አበባ ሄዶ የጥብቅና ፈቃድ ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። ካኪ ኮቱን በጋ ከክረምት አያወልቅም። ማህተሙን በቆርቆሮ ሳጥን ቆልፎ ቁልፉን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ ያስረዋል። «ማተቤንና ማህተሜን አንድ ላይ የያዝሁት ሁለቱም ቃል ስለሆኑ ነው» ይል ነበር። እኔ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሼ ታይፕ እመታለት ነበር፤ በከተማው ታይፕ የምትመታ ሴት ብርቅ ስለነበረች ገበሬዎቹ በመስኮት እያዩ «እንደ በገና ትደረድረዋለች» ይሉ ነበር።

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከወይራው ጥላ፣ ራፖር ጸሐፊዎቹ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ማንበብ ለማይችለው ባለጉዳይ አቤቱታ እየጻፉ የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ደጋጎች ነበሩ። አንዱ ግን ስመኘው ነበር። ሌላውን አቶ እላለሁ፤ እሱን አልልም። ጸጉሩ በቫዝሊን የሚያብለጨልጭ፣ ቴትሮን ሱሪው እንደ ቢላ የተተኮሰ፣ ምላሱ ማር የሚያንጠባጥብ ሰው ነው። ገበሬ ይዞ እኛ ዘንድ ይመጣል፤ አባቴ ጉዳዩን ይሰማል፣ እኔ እተይባለሁ፣ አባቴ ማህተሙን ይመታል። ስመኘው ታዲያ ቀለሙ እስኪደርቅ አይጠብቅም። «ይድረቅ እንጂ!» ስለው «ባለጉዳይ ደጅ አቁሜ ነው እቴ ሙሉ» ብሎ ወረቀቱን በመዳፉ እንደ ጫጩት ደግፎ ይወጣል። ትሕትና መስሎኝ ነበር። አባቴም «ሥራ የሚያከብር ልጅ» ይለው ነበር።

የክርስትና እናቴ ወይዘሮ ላቀች የሞጣ ሰው ናቸው። አባቴ ሞጣ ይሠራ በነበረበት ጊዜ እኔ ተወልጄ እሳቸው ክርስትና አነሡኝ፤ ከዚያ ወዲህ አባቴና እሳቸው አበልጅ ናቸው። ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ግን ቀና ብለው የሚሄዱ ሴት ነበሩ። ያላቸው ሀብት ከአባታቸው የወረሱት፣ ከሞጣ ዳር ያለው ርስት ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ ለጊዮርጊስ፣ በበቅሎ ቢቸና ይመጣሉ። በቅሎዋ አንገት ላይ ቃጭል ስለነበረ ገና ከከተማው ዳር ሳሉ እንሰማቸዋለን። ጥበብ ቀሚሳቸው ላይ ሰማያዊ ካባ ደርበው፣ ማር በቅል፣ ራሳቸው የፈተሉትን ጥጥ በሙዳይ ይዘው ይገባሉ። ዓለም ሁሉ ሙሉ ሲለኝ እሳቸው ብቻ በክርስትና ስሜ «ወለተ ጊዮርጊስ» ይሉኛል። እንደሳቸው የምወደው ሰው አልነበረኝም።

አንድ ዓመት በጊዮርጊስ አልመጡም። እናቴ ጠላውን ጠምቃ፣ ዶሮውን ሠርታ፣ ወንበራቸውን ነጠላ አልብሳ፣ ስንጠብቅ ውለን አመሸን። የቃጭል ድምፅ የለም። አባቴ «ታመው ይሆናል» ብሎ በማግስቱ ወደ ሞጣ ለሚሄድ ነጋዴ መልእክት ሰጠው። ነጋዴው ሲመለስ «ደህና ናቸው። ለጠበቃው የምመልሰው ቃል የለኝም አሉ» አለ። አባቴ ፊቱ ጠቆረ። ሄዶ መጠየቅ ነበረበት፤ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። እሱ ግን የተሰደበ መሰለው። «ምን በደልኋቸው? ዝም ካሉኝ እኔም ዝም እላለሁ። ዝም አይነቅዝም» አለ። የዚያን ጊዜ ሰው በዚህ ተረት ስንት ትዳር፣ ስንት ዝምድና ቀበረበት! ዝም ይነቅዛል። ነቅዞ፣ ዱቄት ሆኖ በዓይኔ አይቻለሁ። በሁለተኛው ዓመትም ወንበሩ ባዶውን ዋለ፤ አባቴም አልሄደም።

በተከታዩ ጥር ደብረ ወርቅ ሰርግ ተጠርተን ሄድን። ዳሱ ውስጥ ለባለ ካኪ ኮቱ ጠበቃ የክብር ቦታ ተሰጠው። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ወደ እኛ መጣ፤ የተለመደው ሙገሳ መስሎኝ ሳንቲም አዘጋጀሁ። እሱ ግን እንዲህ አለ፦

«የአበልጅ ጠላ ጠጥቶ፣ የአበልጅ እንጀራ በልቶ፣
ርስቷን ነቀላት አሉ፣ በማህተም መትቶ።»

ዳሱ ሙሉ ዞሮ አባቴን አየ። ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው በነጠላው አፉን ሸፈነ። ያኔ ገባኝ፤ እኛ ብቻ ነን እንጂ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ዓመት እየሳቁ እጅ ሲነሡን ኖረዋል! አባቴ አዝማሪውን ይዞ ደጅ ወጣና «ማን ነገረህ?» አለው። «ጌታዬ፣ ሞጣ የማያውቀው ማን አለ? ወይዘሮ ላቀች ርስታቸውን በርስዎ ወረቀት ለቀው ጊዮርጊስ ደጅ ጥጥ እየፈተሉ ይኖራሉ» አለ። አባቴ ወደ ዳሱ አልተመለሰም። እኔን አስከትሎ ከዚያው ወደ ሞጣ ተነሣ።

የክርስትና እናቴን ያገኘናቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ አንዲት ጠባብ ጎጆ ውስጥ ነው። እንዝርታቸውን አስቀመጡና ተነሥተው እጅ ነሡ፤ እንደ ባዕድ።

«አበልጄ፣ ምን በደልኩዎት?» አለ አባቴ።

«እርስዎ ጻፉ፤ እኔ ምን እናገራለሁ?» አሉና ከራስጌያቸው ወረቀት አውጥተው ሰጡት። እኔም ከትከሻው በላይ አነበብሁት። የርስታቸው አዋሳኝ የነበረ አንድ ባለጠጋ «ደንበኛዬ» ተብሏል፤ መሬቱ የእሱ አባቶች መሆኑን ጠበቃው አረጋግጧል፤ በሰላም ይልቀቁ፣ ካልለቀቁ እኔው ራሴ ችሎት ቆሜ እከራከርዎታለሁ ይላል። የተጻፈበት ጊዜ የዛሬ ሁለት ዓመት ሁዳዴ ነው። ከግርጌው የአባቴ ማህተም።

ተንኮሉ የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው። ወይዘሮ ላቀች ዳኛ የሚፈሩ ሴት አልነበሩም፤ አበልጃቸው ጠበቃ ነዋ! ባለጠጋው በሙግት እንደማይረታቸው ያውቃል። ስለዚህ ጠበቃቸውን ሰርቆ በራሳቸው ላይ አዞረው። እሳቸውም እንደ አገሩ ወግ አደረጉ። አበልጅ ከአበልጅ ጋር ችሎት አይቆምም፤ አበልጅን «ለምን ከዳኸኝ?» ብሎ መጠየቅም ነውር ነው። «ከአበልጄ ጋር ዳኛ ፊት ከምቆም መሬቱ ይቅርብኝ» ብለው፣ ማንንም ሳያማክሩ፣ እህላቸውን እንኳ ሳይጭኑ ወጡ። ሌባው ይህን ወግ ያውቅ ነበር። ከማህተሙ ይልቅ የተማመነው በዚህ ነው።

አባቴ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አውጥቶ አገላበጠው። «ማህተሙ የኔ ነው» አለ። ምን ነበረበት «የኔ አይደለም» ቢል! «ማህተሙ የኔ ነው፤ ቃሉ ግን የኔ አይደለም።»

«ማህተምዎ ከሆነ እንግዲህ ምን ቀረ?» አሉ ወይዘሮ ላቀች። ውኃ በጣሳ አጠጡንና በር ድረስ ሸኙን። «ወለተ ጊዮርጊስ» አላሉኝም።

ቢቸና ተመልሰን አባቴ ሁሉን ለእናቴ ሲነግራት የኋላ ጎረቤታችን ወይዘሮ ትርፌ ወንፊት ልትመልስ መጥታ ነበር። ስመኘው የሚከራየው የእሷን ጓዳ ነው። «ሰማያዊ ክብ ማህተም» የሚለውን ስትሰማ ወንፊቱ ከእጇ ወደቀ። «በስመ አብ! እሱን እንቁላል ላይ አይቼዋለሁ» አለች። በዚያ ሁዳዴ፣ ሰው ሁሉ ከሥጋና ከወተት ተለይቶ ሳለ፣ ስመኘው እንቁላል ይገዛ ነበር አሉ። እንቁላል የምትሸጥለት ባልቴት «ምነው በጦም?» ብትለው «ለማስታቀፍ ነው» አላት፤ ሰውየው ግን ዶሮ የለውም። ትርፌ አንድ ቀን ድስት ጥዶ ሲቀቅል ደረሰችበት። በማግስቱ አመድ መድፊያው ላይ የተላጡ፣ ያልተነከሱ እንቁላሎች አየች፤ ነጩ ላይ ሰማያዊ ክብና ጽሕፈት ነበረበት። «መተት ነው ብዬ ጠበል ረጨሁበት፤ ለንስሐ አባታችንም በጦም እንቁላል ቀቀለ ብዬ ከሰስሁት» አለች።

ወሬው ያን ጊዜ ከተማውን አዳርሶ ነበር፤ እኔም አስታወስሁት። «ጦም ገዳፊ» ተብሎ ክረምቱን ሙሉ አብሮት ማዕድ የቀረበ አልነበረም። ቄሱ ጠርተው ሲጠይቁት ስመኘው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ራበኝና በላሁ፣ አባቴ ይፍቱኝ» አለ። ያልበላውን በላሁ ብሎ ስግደቱን ሰገደ፣ ጾሙን ጨመረ፣ ተፈታ። የሠራውን ኃጢአት ባልሠራው ሸፈነው። እኛ ደግሞ ምን ዓይነት ሰዎች ነን? በእንቁላል ጉድ ያለው ከተማ በርስት ጉድ አላለም። አንድ ሰው እንኳ «ይህ ልጅ ካልበላው ምን ሊያደርገው ቀቀለው?» ብሎ አልጠየቀም። ይህን ሳስብ ዛሬም ጥርሴን አፋጫለሁ።

አባቴና እኔ በር ዘግተን ሞከርነው። እንቁላሉ ትኩስ እንዳለ ተልጦ፣ ገና ያልደረቀ ማህተም ላይ ቀስ ብሎ ሲንከባለል፣ ማህተሙን ይነሣል፤ ነጭ ወረቀት ላይ ሲንከባለል ደግሞ ይተወዋል። ስመኘው ለምን ቀለሙ እስኪደርቅ እንደማይጠብቅ ያኔ ገባኝ፤ ማህተሙን ለባለጠጋው የሸጠለት እሱ ነው። አባቴ ስመኘውን ከሰሰ። ክርክሩ ሁዳዴ ላይ ደረሰ። ስመኘው ሱሪውን ተኩሶ ቀረበና «እንቁላሉን በልቼዋለሁ፤ ንስሐዬን ገብቻለሁ፤ ቄሱ ይጠየቁ» አለ። ዳኛው «በእንቁላል ማህተም ሲመታ ማን አይቶ ያውቃል?» ብለው ሳቁ። ያኔ ተነሥቼ በፍርድ ቤቱ ደጅ ሻይ በምትሸጠው ሴት ያስቀቀልሁትን ትኩስ እንቁላል አውጥቼ ላጥሁ። ጸሐፊው ገና አሁን ያተመው መጥሪያ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ፈቃድ ጠይቄ አንከባለልሁበት፤ ከዚያ ነጭ ወረቀት ላይ። የፍርድ ቤቱ ማህተም ከነአንበሳው ወጣ፤ ደብዘዝ ያለ፣ ግን ደህና አድርጎ የሚነበብ።

ዳኛውን ቀና ብዬ አየሁ። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር፤ እውነት ወጣች ብዬ። ዳኛው ግን ወረቀቱን ነጥቀው ቀደዱት። እንቁላሉን ዘቡን «ብላና አጥፋው» አሉት፤ ዘቡ «ጌታዬ፣ ጦም ነው» ብሎ ለውሻ ጣለው። «ይህ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አሉ። የፈሩት ገባኝ፤ በዚያ ቤት የተፈረደ ርስት ሁሉ የቆመው በማህተም ነው። ነገሩ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ሆነ። ስመኘው ዋስ ጠርቶ ወጣ፣ አንድ ማለዳም ከከተማው ጠፋ፤ በኋላ ሌላ አገር ባለ ሱቅ ሆኖ ተከብሮ ይኖራል አሉ። መሬቱ «ሕጋዊ ወረቀት አለው» ተብሎ ለባለጠጋው ጸና። ይህ ሳያንስ ገበያ ውስጥ ምን ቢባል ጥሩ ነው? «ጥበቡን ልጅቱ ካወቀችው ሠሪው ማን ሊሆን ነው?» ተባለ። ከዚያ ወዲያ አባቴ ዘንድ ባለጉዳይ እየመነመነ ሄደ። አንድ ቀን መሰላል አቁሞ ሰሌዳውን ራሱ አወረደው።

ግን ከዚያ በፊት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ለጊዮርጊስ፣ አባቴ «ተነሺ ሙሉ» አለኝ። እሳቸው ወደኛ ሲመጡበት በነበረው ቀን እኛ ወደሳቸው ሄድን። ማህተሙን ከነሳጥኑ፣ እንቁላሉን በጨርቅ ይዤ። ርስቱን መመለስ እንዳልቻለ ያውቃል፤ አንድ የቀረው ነገር አበልጁ እንዲያምኑት ነበር። ጎጆዋ ውስጥ ገብቶ መደቡ ላይ አልተቀመጠም፤ መሬት ላይ ተቀመጠ።  ውኃ አፍልቼ ቀቀልሁ፣ ላጥሁ። አባቴ ማህተሙን መታ፣ እኔ አንከባለልሁ። ወይዘሮ ላቀች እንዝርታቸውን ይዘው ሲያዩ ቆዩ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። ከዚያ ያን የድሮውን ወረቀት አወጡና አስተያዩት፤ የዚያም ክብ አንድ ጎኑ እንዲሁ ሳስቷል።

«እውነትም እርስዎ አይደሉም» አሉ። እንባቸው ወረደ። አባቴ በረጅሙ ተነፈሰ፤ እኔም ያለቀ መሰለኝ። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና እንዲህ አሉ፦

«ታዲያ አበልጄ፣ እርስዎ ካልጻፉት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልመጡም?»

አባቴ ዳኛ ፊት ቃል አጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር። አፉን ከፈተ፤ ከፈተና ዘጋው። ማህተሙ እጁ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ ስመኘውን እጠላለሁ፣ ባለጠጋውን እጠላለሁ፣ ያን ዳኛ እስከ ዛሬ እረግማለሁ፤ ያን የሁለት ዓመት ዝምታ ግን ማንም አስመስሎ አልሠራብንም፣ የምረግምለትም ሰው አጣሁ።

ወይዘሮ ላቀች መልስ እንደማይመጣ ሲያውቁ እንቁላሉን ከእጄ ወሰዱ፣ ሰማያዊውን በውኃ አጠቡ፣ ጨው ነሰነሱበት። «ወለተ ጊዮርጊስ፣ ብዪ እንጂ፤ ጦሙ ተፈትቷል» አሉኝ። ከዚያ ወረቀት ወዲህ በስሜ ሲጠሩኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ጎረስሁት። አላምጬ አላምጬ አልዋጥ አለኝ።